የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከሻደይ ከበሮ እስከ ጃንግል

ይህን እትም ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስንሰጥ «የእኛ ባልሆነ ነገር ምን አደከማችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን ከከበሮ ይጀምራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በለንደን የተወለደው ጃንግል የተባለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስልት ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ ግሪጎሪ ኮልማን የተባለ አሜሪካዊ በ1969 ሸክላ ላይ የመታት የሰባት ሰከንድ ያህል ምት ናት፤ የለንደን ወጣቶች ያችን ቅንጣቢ ቆራርጠው፣ አፍጥነው፣ መልሰው ገጣጠሟት። ጃንግል እንግዲህ ከአሮጌ ከበሮ አዲስ ነገር የማውጣት ዘዴ ነው። ለዚህ ዘዴ የዋጓ ከተማ ሰቆጣ ምን ያንሳታል? ነሐሴ 16 የልጃገረዶቹ በዓል ሻደይ ሲገባ የዋግ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አሸርጠው ይወጣሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮው የተወውን ክፍተት ጭብጨባው ይሞላዋል።

ማሽን ባህልን ያደርቃል የሚለው ስጋት ብዙ አያስኬድም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 የቆዩ ዜማዎችን በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ተጫወተ፤ ቃናቸው አልጠፋም። እንደገና ሙሉ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ሲል ሰየመ፤ ሌላው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ ሚካኤል ሰይፉም በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ዝርፊያ። እውነት ነው፤ ኮልማን ምቱ ዓለምን ሲዞር ሳንቲም ሳያገኝ በ2006 አረፈ። በዋግ ይህ ሊደገም አይገባም። ስለዚህ ወደ ሰቆጣ መቅረጫ ይዛችሁ የምትወጡ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከድምፁ ጋር የዘፋኞቹን ስም መዝግቡ፤ ከቅጂው የሠራችሁት አልበም ሲሸጥም ድርሻቸውን ስጧቸው።