የደጃችን ምርጫ

ስለ ምርጫ በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ አዲስ አበባው ፓርላማ ነው። በዶርምም በካፌ ሰልፍም የምንሰማው ይኸንኑ ነው። ነገር ግን የውሃውን ወረፋ የሚያሳጥረው ወይም የሚያስረዝመው፣ ለእናቶቻችን የመሬት ይዞታ ደብተር የሚሰጠው፣ መታወቂያ የሚጽፈው ፓርላማው አይደለም፤ ወረዳው፣ ከተማውና ቀበሌው ነው። ስለዚህ በዛሬው እትማችን ስለ ደጃችን ምርጫ ጥቂት ለመናገር ወደድን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው ግን ሳይቀበለው ቀረ። በ1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ሕዝቡ መሪዎቹን ይመርጣል ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው የሕዝብ አፍ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ጆሮ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ በአንቀጽ 50 ያዛል። ቃሉ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙን ግን እንመልከት።

በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ የምክር ቤት ወንበሮች ለምርጫ ቀረቡ። ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ ሁሉንም ለማለት ጥቂት እስኪቀር ድረስ ወሰደ። በ2005ቱ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ነበር። ብቻውን ሮጦ አንደኛ መውጣት ምን ያስመሰግናል? የ2010ሩ ተራ ደግሞ ተላለፈ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ፤ ደብረ ታቦር ግን ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ድምፅ ሰጠች። በ2005 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ አዳራሽ ይማራል።

«የክልል ምክር ቤት ካለ ምን ጎደለ?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። እስቲ ከጉና ሥር ወርደው ይዩ። የፎገራ ገበሬ ርብና ጉማራ ሞልተው ሩዙን እንዳይወስዱበት ይሰጋል፤ የላይ ጋይንቱ ዝናም እንዳይቀርበት ሰማይ ሰማይ ያያል፤ የፋርጣው ድንቹን ይዞ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ያሳስበዋል። የሦስቱ ጉዳይ በአንድ ቃለ ጉባኤ አይፈታም። ወረዳ የተለያየውም ለዚሁ ነው።

የሚከብደንም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተነሣው ግጭት ምን እንዳስከተለ ለዚህ አገር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ጥይት በሚጮኽበት ቀበሌ ምርጫ አደረግሁ ማለት ሕዝብን ማታለል ነው። ሆኖም «ሰላም እስኪሆን» እየተባለ ጉዳዩ ሲረሳ፣ ሰው ቅሬታውን በሸንጎ የሚናገርበት በር ይዘጋል፤ በር የተዘጋበትም ሌላ መውጫ ይፈልጋል። እንግዲህ ሰላሙና ምርጫው አብረው ይታሰቡ፤ ቀኑ ለሕዝብ ይነገር፤ የፈለገ ሁሉ ያለ ፍርሃት ይወዳደር፤ ቆጠራውም በአደባባይ ይሁን እንላለን።

እኛስ ምን እናድርግ? ብዙዎቻችን ለዚህች ከተማ እንግዶች ነን። ሕጉ 18 ዓመት የሞላውንና በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረውን ሰው ይመዘግባል። መብታችን ነው፤ ነገር ግን በጥቂት ዓመት ጥለናት በምንሄደው ከተማ ላይ በቁጥር ብዛት ባለቤቱን መጫን አይገባንም። እዚህ የምንመርጥ ከሆነ የከተማውን ችግር አስቀድመን ከከተማው ሰው እንጠይቅ። ከገጠር የመጣውም ለእረፍት ሲመለስ በወረዳው ሰሌዳ የተለጠፈውን በጀት ያንብብ፤ ፊደል ላልቆጠሩት ለአባቱና ለጎረቤቱ ያስረዳ። ዕጩው ሲመጣ «ባለፈው ዓመት ለመንገዱ የተመደበው ገንዘብ የት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁት።

ለየትኛውም ፓርቲ አንቀሰቅስም። የምንለምነው፣ ቀኑ ሲቆረጥ ጠያቂ ሆነን እንድንገኝ ነው።