ዴክ ሥር ማለት ውጭ ማለት አይደለም

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል። ስንገዛው የልብስ ማጠቢያው ቤዝመንት ውስጥ ነበር፤ ማድረቂያ ግን አልነበረውም። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ልብሳቸውን የት ያደርቁ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ጃንዋሪን ያለ ማድረቂያ ያሳለፋችሁ ካላችሁ፣ ነገሩን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አዲስ አበባ ገመድ ላይ የተሰጣ ሱሪ ከሰዓት በኋላ ይለበሳል፤ እዚህ ግን በረዶ ሆኖ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ማድረቂያውን ገዛን። የሚቀረው የእንፋሎቱ መውጫ ነበር። የኮንክሪቱን ግድግዳ ለመብሳት የተጠየቅነው ዋጋ ሌላ ማድረቂያ ሊገዛልን ጥቂት ነው የቀረው። ከማሽኑ በላይ ግን አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ የምትከፈተው ወደ ዴኩ ሥር ነው። «ይኸው ቀዳዳ!» አልኩ። እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ ስስ የፎይል ቱቦ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ ፎጣ አጥፋ የምትስቅ ሴት አለች። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ለምን እንደሚመረጥ አውቃለሁ፤ ራሴም መርጬ አውቃለሁ። ተሸወድኩ። ቱቦውን በመስኮቷ አሾልኬ፣ ዙሪያውን በካርቶንና በፕላስተር ደፍኜ፣ ለባለቤቴ ስንት ብር እንዳተረፍኩለት አወራሁ።

በወሩ በአንድ ዙር ይደርቅ የነበረው ልብስ ሁለት ዙር ይፈልግ ጀመር። ማሽኑን ረገምኩ። ከዚያ የቤዝመንቱ መስኮቶች ጠዋት ጠዋት ማላብ ጀመሩ። እናቴ ልጆቹን ልትይዝልን ከአዲስ አበባ መጥታ የምትተኛው እዚያው ከማድረቂያው ጎን ባለው ክፍል ነው። «ልጄ፣ ጋቢዬ እርጥብ እርጥብ ይለኛል፤ ይኼ ቤት ያልበዋል እንዴ?» አለችኝ። ማሞቂያ ጨመርኩላት።

የገባኝ ሜይ ላይ ነው። ፀሐይ ወጣች ብለን ቡናውን ዴክ ላይ አፈላን፤ ረከቦቱ ከተቀመጠበት ጎን ጣውላው ከእግሬ ሥር ረገብ አለብኝ። ከቡናው ጠጪዎች አንዱ አናጺ ወዳጃችን ነው። ሲኒውን አስቀምጦ፣ ባትሪ ይዞ ዴኩ ሥር ገባ። ሲወጣ አንድ እፍኝ ግራጫ ብናኝ ይዟል፤ ከልብሳችን እየረገፈ የወጣ ጥጥ። ወራጆቹ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል፤ እንጨቱም በሻጋታ ጠቁሯል። «ከዚህ አንድ ጋቢ ይወጣዋል» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን አላሳቀኝም። «ይኼ ነገር እሳት ቢነሳበት ማዘር በየት በኩል ይወጣሉ?»

የእናቴ ክፍል መስኮትም የሚከፈተው ዴኩ ሥር ነው። ዴኩን ደግሞ ራኩን እንዳይገባ ብለን ዙሪያውን በጣውላ መትተን ዘግተነዋል። መስኮቱን ከፍታ ብትወጣ የምትገባው ሣጥን ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዙር እርጥብ ልብስ ጥቂት ሊትር ውኃ ይዟል። ያ ሁሉ እንፋሎት ሆኖ በቱቦው ይወጣል። የእኛው ከላይ ጣውላ፣ ከኋላ ግድግዳ፣ ዙሪያውን አጥር ስለገጠመው ከቀዝቃዛው እንጨት ጋር ተላትሞ ተመልሶ ውኃ ሆነ፤ የተረፈው በመስኮቷ ስንጥቅ ወደ እናቴ ጋቢ ተመለሰ። ብናኙ ደግሞ የደረቀ ጥጥ ነው፤ እንደ ክብሪት ይያያዛል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 ያለውን መረጃ አይቶ፣ በመኖሪያ ቤቶች በዓመት ወደ 2,900 የሚጠጋ የማድረቂያ ቃጠሎ እንደሚደርስ ገምቷል። ዋናው ምክንያት አለማጽዳት ነው። ያ የሸጡልኝ ፎይል ቱቦ በየእጥፋቱ ብናኝ ይይዛል፤ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም ፕላስቲክና ፎይል ቱቦ ያላችሁ በብረት ቀይሩ ይላል። ካርቶኑ ላይ የምትስቀው ሴት ይህን አልነገረችኝም።

አሁን የሠራነውን ልንገራችሁ። የጠባቧን መስኮት መስታወት አውጥተን በልኩ የተቆረጠ ላሜራ ገጠምንባት፤ መሐሉ ላይ የ4 ኢንች ቀዳዳ አለው። ቱቦው ውስጡ ልሙጥ የሆነ ጠንካራ ብረት ነው። መጋጠሚያው በአሉሚኒየም ቴፕ ተጠቅልሏል፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ብሎን ብናኝ ስለሚይዝ አልተጠቀምንም። ከዚያ ከወራጆቹ ሥር ተንጠልጥሎ፣ ውኃ እንዳያቁር ወደ ውጭ ትንሽ አዘቅዝቆ፣ ዴኩን ጨርሶ አልፎ ግቢ ላይ ይተነፍሳል። ጫፉ ላይ አየር ሲመጣ የምትከፈት፣ ሲቆም የምትዘጋ ክዳን አለች። ወንፊት እንዳታደርጉበት፤ በብናኝ ይደፈናል። ከሌላ መስኮትና በርም ቢያንስ 3 ጫማ ይራቅ።

ርዝመቱም ወሰን አለው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ኮድ 35 ጫማ ይፈቅዳል፤ ግን እያንዳንዱ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ 5 ጫማ ይቀንስበታል። የእኛ 12 ጫማና ሁለት መታጠፊያ ነው፤ 22 ተብሎ ይቆጠራል። የማሽናችሁ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ተከተሉ።

የእኛ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የእናንተ በጋዝ ከሆነ ከእንፋሎቱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለ እንደ እኔ በካርቶንና በፕላስተር አትሞክሩት፤ ባለሙያ ጥሩ። ቤዝመንት ተከራይታችሁ ግድግዳ መንካት የማይፈቀድላችሁ ደግሞ ቱቦ የማያስፈልገው፣ ውኃውን በራሱ ሰብስቦ የሚያስወግድ ማድረቂያ አለ። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ለማድረቅም ይዘገያል፤ ቀዳዳ ግን አይፈልግም።

የዴኩን ዙሪያ ጣውላም ነቀልነው። ኮዱ ከዴክ ሥር ላለ የማምለጫ መስኮት ወደ ግቢ የሚያደርስ፣ ቢያንስ 36 ኢንች ከፍታ ያለው መተላለፊያ ይጠይቃል። ለኩት ብዬ አናጺውን ለመንኩት፤ 41 ኢንች ሆነ። እናቴ «እስቲ ልሞክረው» ብላ በመስኮቱ ወጣች፤ ልጆቹ ተከትለዋት ወጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታቸው ሆኗል።

የረገበውን ጣውላ ቀየርነው። ልብሱ በአንድ ዙር ይደርቃል። ራኩኑም ተመልሷል። እናቴ ግን ማድረቂያውን አሁንም አታምነውም፤ ፀሐይ ባየች ቁጥር ጋቢዋን ዴኩ ላይ ታሰጣዋለች።