ብርዱ ብቻውን አይገድልም

አዲስ አበባ ሞት ወቅት እንዳለው ታውቃለች፤ በ1911 ዓ.ም. ነዋሪዋን የፈጀው የህዳር በሽታ ዛሬም ህዳር 12 ቀን በጭስ ይታወሳል። ጤነኛ የነበረ ሕፃን እንደተኛ በድንገት የሚሞትበት ክስተትም ወቅት አለው። ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች ይህ ሞት ለዓመታት በቅዝቃዜ ወራት ሲያሻቅብ ታይቷል፤ አደጋው የሚያይለውም ሕፃኑ ከሁለት እስከ አራት ወር ሲሆነው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ብሪታንያ፣ በ1994 ደግሞ አሜሪካ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ ሞቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የብርድ ወራቱ ጭማሪም ደበዘዘ። ብርዱ ያው ነው፤ የተለወጠው አስተኛኘቱ ነው።

በአዲስ አበባው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ መንደሮች ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሕፃኑ በጋቢ ይጠቀለላል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ከሰልም ይገባል። የከሰል ጭስ መርዞ መግደሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ይሁንና አስከሬኑ ሳይመረመር፣ የሞተበት ክፍል ሳይታይና የጤናው ታሪክ ሳይጠየቅ አንዱን ሞት ከሌላው መለየት አይቻልም። ክፍተቱን የሚሞላው «ሾተላይ ነው»፣ «እናቱ ተኝታበት ነው» የሚለው ወሬ ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት እንዲመዘገብ ቢያዝም፣ ሕፃኑ እንዴት ተኝቶ እንደነበር ካልተጠየቀ የእኛን ወቅት አናውቀውም።

ሕፃን ለብቻው ይተኛ ሲባል፣ በአንድ ፍራሽ ለሚያድር ቤተሰብ የሕፃን አልጋ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በጀርባ ማስተኛትና ፊትን አለመሸፈን ግን ሳንቲም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 48ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ በነበረበት አገር የሳንባ ምችና ያለጊዜ መወለድ ይቅደሙ የሚለው ክርክርም ክብደት አለው። ሆኖም የሳንባ ምችን ከድንገተኛው ሞት የሚለየው ያው ጥያቄ ነው፤ አንዱን መቁጠር ሌላውን አያስረሳም። መጠየቁም እናትን ለመክሰስ ሳይሆን ከሐሜት ለማዳን ነው።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። እናቶች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ልጆቻቸውን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣሉ፤ አደጋው ወደሚበረታበት ጊዜ ሲቃረቡና በዚያው ጊዜ ማለት ነው። በጀርባ የማስተኛቱ ምክር ከመርፌው ጋር ይሰጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ሕፃን የሞተበትን ቤት በአክብሮት ጠይቀው ወሩንና አስተኛኘቱን ይመዝግቡ። በሕፃኑ ሰማዕት በቂርቆስ ስም የሚጠራ ክፍለ ከተማ ይህን ለመጀመር የሌላውን ፈለግ መጠበቅ የለበትም።