ለመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን፦ የፕለጊን ዋጋ በጨረታ ሰነዱ ይታይልን

ጉዳዩ፦ በድረ ገጽ ሥራ ጨረታዎች የፕለጊን ላይሰንስ ለብቻው እንዲሞላ ስለመጠየቅ

ድረ ገጽ በመሥራት የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። መደበኛ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጀው የእናንተ መሥሪያ ቤት በመሆኑ አቤቱታዬን ወደ እናንተ አምጥቻለሁ።

ብዙዎቻችን የምንሠራው ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። እሱ ራሱ በነጻ ይገኛል፤ ቅጽ የሚያስሞላው፣ ክፍያ የሚቀበለው፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘው ግን ሌሎች የሚሠሩት፣ ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ደህና ደህናዎቹ በየዓመቱ በዶላር ይታደሳሉ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋዜማ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውሉን በብር የፈረመ ባለሙያ ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል፤ ወይ ጭራሽ አያድስም።

እኔ በተወዳደርኩባቸው ጨረታዎች የዋጋ ሠንጠረዡ «ድረ ገጽ ማልማት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበረው። ላይሰንሱን አስልቶ ያስገባ ተጫራች ውድ ይመስላል፤ ክራክ የተደረገ (የላይሰንስ ቁልፉ የተሰበረ) ፕለጊን ከቴሌግራም አውርዶ የሚጭን ግን በዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል። ገምጋሚ ኮሚቴውም አይፈረድበትም፤ በርክክቡ ቀን ሁለቱም ድረ ገጾች እኩል ያምራሉ።

ነገሩ የቅጂ መብት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዎርድፕረስ የሚሰራጨው ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ነው፤ በዚሁ ፈቃድ የሚሸጡ ብዙ ፕለጊኖችን ኮድ አባዝቶ መስጠት በራሱ አይከለከልም። ገንዘቡ የሚከፈለው በዋናነት ለአፕዴትና ለድጋፍ ነው። ክራኩ የሚያሳጣን ይህንኑ ነው፤ አንዳንዴም ያልታዘዘ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ደብሊውፒ-ቪሲዲ የተባለው አጥፊ ኮድ የተዛመተው በነጻ በሚታደሉ ክራክ ፕለጊኖችና ቴሞች (የድረ ገጽ ገጽታ ንድፎች) ውስጥ ተደብቆ ነው። አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ከገባ በዚያው ሆስቲንግ ላይ ወዳሉት ሌሎችም ይሻገራል።

የሻጮች ጠበቃ እንዳልባል ይህንንም ልጨምር፦ ከዎርድፕረስ ዋና ማከማቻ ማውረድም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 200 ሺህ በሚጠጉ ድረ ገጾች ላይ ተጭኖ የነበረው ዲስፕሌይ ዊጄትስ የተባለ ፕለጊን ለሌላ ሰው ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤትም ድረ ገጾቹ ላይ በስውር ጽሑፍ የሚለጥፍ ኮድ ከተተበት። በመዝገብ ያልያዘውን ፕለጊን መከታተል የሚችል የአይቲ ክፍል የለም።

ስለዚህ በመደበኛ ሰነዱ ውስጥ የእያንዳንዱ ፕለጊን ስም፣ ምንጭና ዓመታዊ ዋጋ በዶላር የሚሞላበት ሠንጠረዥ ይግባልን። ላይሰንሱ በአሠሪው መሥሪያ ቤት ስም ይገዛ። የዕድሳቱ ክፍያ በሚከፈልበት ቀን የባንክ ምንዛሪ ይታሰብ። የግዥ ደረሰኝ ሳይቀርብም ርክክብ አይፈረም።

ሰነዱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሻሻል ይህ እንዲካተትልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።