ማሰሮውና ደሴቱ

ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መንገደኛ ጋቢውን ከትከሻው የሚያወርደው ገና ከተማውን ሳያይ ነው፤ የይፋት ቆላ ሐሩር ከሰው ይልቅ በመድኃኒት ላይ እንደሚከፋ ግን እኔ የተረዳሁት፥ አንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን የኢንሱሊን ብልቃጦች በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀበረ ማሰሮ አኑረው ጠዋትና ማታ ውሃ ሲያርከፈክፉበት ባየሁ ጊዜ ነው። «ከእኔ ይልቅ ጥላ የሚያሻው እሱ ነው፥ ልጄ» አሉኝ።

የብላቴናው ደዌ፥ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ፥ ቀድሞ የሞት ፍርድ ነበረ፤ በጥር 1914 ዓ.ም. በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ፥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከእንስሳ ቆሽት በተቀመመ መርፌ ከሞት አፋፍ ከተመለሰ ወዲህ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ተለወጠ። መርፌው የጎደለውን ይተካል እንጂ የጠፋውን አያስነሣም፤ የጠፉትም በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበትነው ኢንሱሊንን የሚያመነጩ፥ ከበሽታ የሚጠብቀን ሠራዊተ ሰውነት የገዛ ወገኑን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የፈጃቸው ሕዋሳት ናቸው።

የዘመናችን ጠበብት ገና ማዕርጉ ያልለየለትን፥ ስቴም ሴል የሚባለውን ሕዋስ በቤተ ሙከራ አሳድገው ወደነዚህ ደሴቶች ይለውጡና በጉበት የደም ሥር ያስገቡታል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. በታተመው ውጤት ሙሉውን መጠን ከተቀበሉት 12 ድውያን 10ሩ ከዓመት በኋላ መርፌውን ትተዋል። ደስታዬን ግን ገታ አደርገዋለሁ፤ ተቀባዮቹ ሠራዊተ ሰውነትን የሚያደክም መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው፥ በዚያው ሙከራ ውስጥ አንዱ በፈንገስ በመጣ ማጅራት ገትር ሞቷል፤ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ወባ በሚነሣበት በእኛ ቆላ ደግሞ ያለ ዘብ ማደር ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የለም።

ስለዚህ ተስፋዬን የጣልሁት በስዊድን፥ በኡፕሳላ ነው፤ በዚያ የዘር ቅመማቸው ተቀይሮ ከሠራዊቱ ዓይን የተሰወሩ ደሴቶች በአንድ ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ተተክለው ያለዚያ አድካሚ መድኃኒት ኢንሱሊን አመንጭተዋል፤ የተተከለው ጥቂት ስለ ነበረ ግን ሰውየው መርፌውን አልጣለም።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ባወጋቸው፥ «ይኼኛውስ በምን ይቀዘቅዛል?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱስ በሰው ገላ ሙቀት ነው የሚኖረው፥ እትዬ።»

ሣቅ አሉና ጣሳቸውን ይዘው ወደ ማሰሮው ጎንበስ አሉ።