ተሸናፊው ይክፈል?



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ከዐስር በኋላ ከግቢ ወጥተን ወደ ከተማ ስንሄድ የጆተኒው ኳስ ድምፅ ከሩቅ ይሰማናል። የደብረ ታቦርን ብርድ የምንረሳበት አንዱ ቦታ እሱ ነው። ብዙዎቻችን ተጫውተናል፤ ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ራሳችንን ለመጠየቅ ነው። «የተሸነፈ ይከፍላል» ብለን የምንጀምረው ጨዋታ ምንድን ነው?

ሳንቲም የሚጎርስ ማሽን ታሪኩ ረጅም ነው። ከ1,900 ዓመታት በፊት ገደማ የእስክንድርያው ሄሮን ሳንቲም ሲጣልበት ውሃ የሚያወርድ ዕቃ በጽሑፉ ገልጿል። ሳንቲሙን የጣለው ሰው የሚያገኘውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ይህ ሽያጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ ተለወጠ። በመጠጥ ቤቶች የቆሙት የካርታ ማሽኖች ዕድል ለቀናው ቢራ ወይም ሲጋራ ያስገኙ ጀመር። ቻርልስ ፌይ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ መካኒክ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ገንዘብ እንዲከፍል አደረገው። ሕግ ሲከለክል አንዳንድ ባለቤቶች ማሽኑን ማስቲካ መሸጫ አስመሰሉት። እስከ ዛሬ በቁማር ማሽኖች ላይ የሚታዩት የፍራፍሬ ሥዕሎች ያኔ የማስቲካው ጣዕም ምልክት ነበሩ። ስሙ ተቀየረ፣ ሥራው ግን ያው ቁማር ነበር።

ወደ ጆተኒ እንመለስ። ሃሮልድ ቶርንተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት ያገኘበት የጠረጴዛ ኳስ የዚሁ ጨዋታ ዓይነት ነው። ለባለቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ የጠረጴዛው ኪራይ ነው፤ በዚህ ላይ ጥያቄ የለንም። ጥያቄው ኪራዩን ማን ይከፍላል በሚለው ላይ ነው። ሁለታችንም ወይ በነፃ ለመጫወት ወይ የሌላውን ድርሻ ለመክፈል ተስማምተን ከገባን፣ ብዙ ዑለማዎች ይህን ከቂማር ይቆጥሩታል።

«ጥቂት ብር ናት፣ ምን አላት?» የሚል ይኖራል። እኛም ብለናል። ነገር ግን ሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 90 እና 91 ስለ መይሲር ሲናገር የገንዘቡን መጠን አላነሳም፤ ያነሳው በመካከላችን የሚዘራውን ጠላትነትና ከዚክር ከሶላትም ማዘናጋቱን ነው። በአንድ ጎል ተጨቃጭቀው የተኳረፉ የዶርም ጓደኞች አላየንም? «አንድ ዙር ብቻ» ስንል የመግሪብ ጀመዓ አላመለጠንም? ደግሞም በጥቂት ብር የለመደ እጅ ስልኩን ከፍቶ ቤተሰብ የላከለትን የወር ወጪ በኳስ ውርርድ ለማስያዝ ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው። መጫወት የፈለግን ከመጀመራችን በፊት ኪራዩን እኩል እናዋጣ፤ ወይም አንዱ ማንም ያሸንፍ ማን ሁሉንም ይጋብዝ። አዛን ሲል ኳሱ ጎል አፋፍ ላይ ቢሆንም እጀታውን እንልቀቅ። ጓደኛውን ወደ ቁማር የጠራ ሰው ሰደቃ እንዲሰጥ ነቢዩ ﷺ ማዘዛቸውን አንርሳ፤ እስከ ዛሬ ለተጫወትነው እኛም ከዚያ እንጀምር። ከዚህ በላይ ያለውን ዝርዝር ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

አላህ ጊዜያችንንም ገንዘባችንንም ይባርክልን። ወላሁ አዕለም።