በአንድ ምስክር አይፈረድም፤ በፊዚክስም ቢሆን

«ቤተ ሙከራ ሳይሟላ ምን ዓይነት ፊዚክስ?» የሚለው ጥያቄ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት ሁሉ ይነሳል። ደባርቅም ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናትና ጥያቄው ይመለከታታል። ወዳጆቼ፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ትልቅ የፊዚክስ ሥራ አለ።

በብረት ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከፌርሚዮን ወገን ናቸው። ከደባርቅ ዳባት ትርፍ ሳይጭን የሚሄድ ሚኒባስ ካለ እንደሱ ናቸው፤ አንዱ በያዘው ወንበር ሌላው አይቀመጥም። በዚያ ላይ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከውጭ በማይለዋወጥ ለስላሳ ኃይል ብንነካቸው ምን ያህል ይጠጋጋሉ? ማግኔት ብናቀርብላቸውስ? ቋሚ ምላሽ የሚባለው ይህ ነው።

ስሌቱ ግን ከባድ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለተሳሰረ ቀመሩ በቀጥታ አይፈታም። ስለዚህ ሊቃውንቱ አቋራጭ ፈለጉ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1950ዎቹ ቦምና ፓይንስ አንድ መንገድ አወጡ። በ1964 እና 1965 ኮን ከሆኸንበርግና ከሻም ጋር ስሌቱን በኤሌክትሮኖቹ ጥግግት ላይ መሠረቱ። በ1980 ሴፐርሊና አልደር ኮምፒውተር ዕጣ እያስጣሉ አሰሉ።

አቋራጭ ሁሉ ሊያሳስት ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ኤሌክትሮኖቹ ምን ያህል እንደሚታመቁ ሁለት ጊዜ አስሉ፤ አንዴ ነክታችሁ ከምላሻቸው፣ አንዴ ጥግግታቸው ሲለወጥ ጉልበታቸው ከሚለዋወጥበት መጠን። ሁለቱ መልሶች መግጠም አለባቸው። ዛሬም ብዙ የሚሠራበት የቦምና የፓይንስ መንገድ እንኳ ይህን ፈተና አያልፍም።

ወደ እኛ እንምጣ። ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው የስሌት ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ይህን ሙያ ለአፍሪካ ወጣቶች የሚያስተምረው መድረክ በ2010 ተጀምሮ በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። እንግዲህ የጎደለው የማይቆራረጥ መብራት፣ ኢንተርኔትና በጋራ የሚሠራበት ጠንካራ ኮምፒውተር ነው። ከማይክሮስኮፕ ግዢ በፊት ለስሜን ልጆች ይኸ ይቅደም እላለሁ።

«ዳቦ በጠፋበት ስለ ኤሌክትሮን?» የሚል አይጠፋም። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳም ሆነ ባትሪ የሚሻሻለው በዚህ ዓይነት ስሌት ጭምር ነው።

ግን ፕሮግራም ከፍቶ ሥዕል ማውጣት ምርምር አይደለም። መምህራን ሆይ፣ በሁለት መንገድ ያልተፈተነ ውጤት የያዘ የመመረቂያ ጽሑፍ አትቀበሉ። ሽማግሌ እንኳ በአንድ ምስክር አይፈርድም። ያን ልማድ ይዞ የወጣ ተመራቂ ፊዚክስ ባይሠራበት እንኳ፣ የሰማውን ሁሉ ሳያጣራ አይቀበልም። ለዚህች አገር ይኸ ትንሽ ነገር ነው?